የፈራ ሰው ፊርማ

ትርሲት የፈሩ ሕሙማን ወደሚረጉበት ማርጊያ ቤት በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳው እንደ ወትሮው በለሆሳስ ስሟን ጠርቶ ቀሰቀሳትና ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት የለካውን የሌሊት የፍርሃት ልኳን ነገራት። ሃምሳ ሁለት። ከሠላሳ አምስት በታች መውረድ ነበረበት። ከዚያ ወርዶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያሻቅብ ከቆየላት ትፈርማለች፤ ከፈረመች ሰባት ደቂቃ የሚፈጀው ሕክምና ይደረግላታል፤ ከተደረገላት በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ሰባቱን ደቂቃ ፍለጋ ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆናት።

«ዛሬ መልካም ቀን ይሆንልዎታል» አለ ግድግዳው። እንዲህ ያላለበት ቀን የለም።

የማህፀኗ በር ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ሥጋ በቅላለች። አራት ወር ያህል ያለ ጊዜዋ ደም እያየች ስትሰጋ ከርማ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ፣ «ለክፉ የምትሰጥ አትመስልም፤ ግን ትነሳና ትመርመር» አለቻት። ከዚያ በኋላ ያገኘችው ሁሉ ቀላል ነው አላት። የክፍል ኃላፊዋ ቀላል ነው አላት፤ የመድን ድርጅቱ ሰውዬ ቀላል ነው አላት፤ እዚህ ያደረሳት ታክሲ እንኳ፣ ሾፌር የሌለው ታክሲ፣ ሳትጠይቀው ቀላል ነው አላት። ትርሲት እንዳስተዋለችው፣ ቀላል ነው ያላት ሁሉ ማህፀን የሌለው ነበር።

ፈሪ ሴት አይደለችም። የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ናት። ደብረ ብርሃን ላይ ሃምሳ ፎቅ ጉድጓድ ውስጥ በቀበቶ ተንጠልጥላ ምሳዋን ትበላለች። የምትፈራው ይህን አንዱን ነገር ብቻ ነው፣ ምክንያቱንም ታውቀዋለች። በሃያ አራት ዓመቷ በሌላ ከተማ እንዲሁ ያለ ቀላል ነገር ተደርጎላት ነበር። «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሻል» አሏት። ቆንጠጥ አልነበረም። «ይቁም» ስትል አንዱ «ቻይው፣ አለቀ እኮ» አለ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ጉልበቷን ያዙ። ፊታቸውን አታስታውሰውም፤ የእጃቸውን ቅዝቃዜ ግን እስከ ዛሬ ጉልበቷ ያስታውሰዋል። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ አልጋ አጠገብ አልደረሰችም።

ሕጉ የወጣው እንደ እሷ ላሉ ሴቶች ነበር። የፈራ ሰው ፊርማ ፊርማ አይደለም ይላል አንቀጹ። የጸደቀ ዕለት ትርሲት መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ቆማ አጨብጭባለች። ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ወደ ቤቱ ለመሄድም መፈረም ያለበት መሆኑ ነው።

ይህን ያወቀችው በሁለተኛው ቀን ነው። «በቃኝ፣ ልሂድ» አለች። ሲስተር ሙላቷ፣ የፎቁ ነርስ፣ ደግ ፊት ያላት ወጣት ናት፤ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልክሽ ሃምሳ ስምንት ነው፣ ትርሲትዬ። በሃምሳ ስምንት እንዴት ብለሽ ትፈርሚያለሽ? የምትሄጂው እኮ ፍርሃቱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ነገ ረጋ ስትዪ ‹ምነው ባልሄድኩ› ብትዪስ?»

«እሺ ሥሩልኝ፤ እሱንም እፈቅዳለሁ።»

«እሱንም በሃምሳ ስምንት አትፈቅጂም።»

በሩ አልተቆለፈም። ማርጊያ ቤት ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ቀለበቱ ከሠላሳ አምስት በላይ ለሚያነብበት ሰው በሩ አይከፈትም እንጂ። ስትገባ በሠላሳ አንድ ፈርማ ነው የገባችው፤ ያኔ አልጋውን አላየችውም ነበር።

ቀኑ በሥርዓት ያልፋል። ጠዋት መተንፈስ አለ፤ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት። ምግቡ ሁሉ አልጫ ነው፤ በርበሬ ልክን በሁለት ይጨምራል ተብሏል። ሠራተኞቹ «አይዞሽ» ማለት ተከልክለዋል፤ በጥናት እንደተረጋገጠው አይዞሽ የተባለች ሴት «ምን ሊመጣ ነው?» ብላ በአራት ከፍ ትላለች። በመስኮቱ ሐይቅ ይታያል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሐይቅ የለም፤ ግን ማንም ይህን ጉዳይ አንሥቶ አያውቅም።

አራት ሰዓት ላይ ልምምድ አለ። ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት ክፍል፣ አንድ ዓይነት አልጋ። ትተኛለች፤ እግሮቿን መስቀያው ላይ ታደርጋለች፤ አንሶላ ይለብሳታል፤ መብራቱ ይበራል። የጓንት ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ የብረት ድምፅ። ማንም አይነካትም። ሰባት ደቂቃ ሲሞላ መብራቱ ይጠፋና «በጣም ጥሩ» ትባላለች። ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደገማል። ሐሳቡ ሰውነቷ እንዲለምደው ነው። ሰውነቷም ለመደው፤ ፍርሃቱን በቅደም ተከተል ተማረው። አሁን ብረቱ በስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደሚያቃጭል ታውቃለች፤ ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ሰከንዶች ጉልበቶቿ ማንም ሳይዛቸው ይደርቃሉ። ሃያ ጊዜ ሙሉ ያልተደረገባትን ነገር ሃያ ጊዜ ፈርታዋለች።

የራሷ ዘዴ አላት። ዓይኗን ጨፍና አሳንሰር ትፈትሻለች። ገመዱን በእጇ ትዳስሳለች፣ ፍሬኑን ታያለች፣ የበሩን ሐዲድ ትጠርጋለች፣ ከዚያ አንድ ፎቅ ወርዳ እንደገና ትጀምራለች። ሠላሳኛው ፎቅ ስትደርስ ልኳ ወደ አርባ ይወርዳል። በስድስተኛው ቀን ሠላሳ ሦስት ገብቶ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቆይቶላት ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ነበር የቀራት። ከዚያ ከእናቷ ጋር በስልክ የምታወራበት ሰዓት ደረሰ።

እናቷ ወይዘሮ ጌጤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጠባሴ ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ትርሲት ልትታከም መሆኑን አልነገረቻቸውም። ሠመራ ለሥራ ሄጃለሁ ብላ ነው የወጣችው። ሕመም ለእናት ሲድን እንጂ ሲጀምር አይነገርም፤ ከእሷ በፊት የነበረውም ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ያደረገው። ማርጊያ ቤት በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ስልክ ይፈቅዳል። ስልኩ በማለስለሻ ያልፋል፤ ጩኸትና ለቅሶ፣ አስደንጋጭ ቃልም ካለበት ማለስለሻው ያን አውጥቶ በዚያው ሰው ድምፅ ለስላሳ ነገር ይተካበታል። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ትርሲት ፈርማበታለች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች እናቷ እናቷ ነበሩ። «ሠመራ ደግሞ ምን ልትሆኚ? ሴት ልጅ በዚያ ሙቀት! ባርኔጣ ይዘሻል? አልያዝሽማ!» ይህን ያህል ቁጣ ማለስለሻው ያሳልፋል። ከሦስተኛው ምሽት ጀምሮ ግን ድምፁ የእናቷ ሆኖ ነገሩ የሌላ ሰው ሆነ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።»

አራተኛው ምሽት ላይም ይኸው። አምስተኛውም። ወይዘሮ ጌጤ ልጃቸውን ሳይቆጡ ስልክ ዘግተው አያውቁም፤ የአባቷ ቀብር ዕለት እንኳ ጫማሽ ቆሽሿል ብለው ተቆጥተዋታል። በስድስተኛው ምሽት፣ ልኳ ሠላሳ ሦስት ሆኖ፣ ትርሲት ፈተና ሰጠች።

«እማዬ፣ የአባዬን ጋቢ ሸጥኩት።»

በዚያ በኩል ጥቂት ዝም ተባለ።

«ጎበዝ ልጄ» አለ የእናቷ ድምፅ። «ጥሩ አደረግሽ።»

ልኳ ሰባ አንድ ገባ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ያንን ዝምታ ስታመነዥከው ትውላለች። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ እናቷ ጮኸው ማለስለሻው ጩኸቱን ውጦታል፤ ወይ ሊጮህ የሚችል ሰው በዚያ በኩል የለም። የታመመ ሰው መርዶ አይረዳም፤ ይህም ድሮ የነበረ ነው። ቤተ ዘመድ ተማክሮ «እስክትድን አትስማ» ይላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ የሞተው ሰው ስንት ሳምንት ሙሉ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» እየተባለ ይኖራል። ማርጊያ ቤት ይህን ልማድ ተቀብሎ ቅጽና ማኅተም አበጀለት እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ክፉ ወሬ ለሚደበቅባቸው ሰዎች ማለስለሻው የሟቹን ድምፅ ያዘጋጃል።

ሲስተር ሙላቷን ያዘቻት።

«አንድ ቃል ብቻ። እናቴ አለች?»

«አይፈቀድልኝም፣ ትርሲትዬ።»

«ካለች ‹አለች› ማለት ምን ክፋት አለው?»

«እናታቸው ያለችላቸውን ‹አለች› ካልኩ፣ ዝም ያልኳቸው ሁሉ ይገባቸዋላ።» ይህን ስትል ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነበር። «ቶሎ ረጋ በይና ውጪ። ያኔ ራስሽ ታያለሽ።»

ለማወቅ መውጣት አለባት፤ ለመውጣት መርጋት አለባት፤ ለመርጋት ማወቅ አለባት። ትርሲት እንዲህ ያለውን ነገር ከሥራዋ ታውቀዋለች፤ ሁለት ፎቅ መሀል የቆመ አሳንሰር ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚጠሩት እሷን መሆኑ ነበር።

የክፍሏ ተጋሪ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ስድሳ ሊሆናቸው አንድ ዓመት የቀራቸው የመንዝ ሴት። ከማህፀናቸው ለምርመራ ትንሽ ናሙና ሊወሰድላቸው መጥተው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። ልካቸው ከአርባ ወርዶ አያውቅም። ፈርቻለሁ ግን አይሉም፤ ቀለበቱ ጠበበኝ ነው የሚሉት። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ትርሲት አልጫዋን ስትበታትን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልቅሺላት።»

«ማንን?»

«እናትሽን ነዋ። ሞታለች ብለሽ አልቅሺላትና ይውጣልሽ። ከቀብር የተመለሰ ሰው አይተሽ አታውቂም? እህል ቀምሶ እንደ ሕፃን ይተኛል። ሐዘን ገብቶ ሲያበቃ ሰው ይረጋል። ይህን ቀለበት የሠራ ሰውዬ ለቅሶ ቤት ደርሶ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«በሕይወት ብትኖርስ እትዬ? ሟርት አይሆንብኝም?»

«ሞተች የተባለች ሴት ዕድሜዋ ይረዝማል ሲሉ ሰምቻለሁ።» እትዬ አስካለ ይህን የትም ላይሰሙት ይችላሉ፤ ፊታቸው ግን እንደ ወንጌል አንባቢ ኮስተር ብሎ ነበር። «እኔ የአልቃሽ ልጅ ነኝ። እኔ ላውጣልሽ፤ አንቺ ብቻ ተቀበይ።»

ትርሲት እስከ ስምንት ሰዓት አልመለሰችላቸውም። መስኮቱ ላይ ያለውን ሐይቅ እያየች ለራሷ ስታስረዳ ቆየች። ቃል ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ቃል ሰው አይገድልም። ግን እናቷን በአፏ ልትቀብር መሆኑን ሰውነቷ ያውቅ ነበር፤ ልኳ ስልሳ አራት ደርሶ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ውሃ እንድትጠጣ መከራት። በዚያ ላይ ሌላ ሐሳብ መጣባት። እውነት ሞተው ቢሆንስ? ቀብራቸው ላይ ያልተገኘች አንድያ ልጃቸው፣ እዚህ አልጋ ላይ ተኝታ ከድምፃቸው ጋር ስለ ጋቢ ስታወራ ነበር ማለት ነው። ይህኛው ይበልጥ አመማት። ተነሣች።

«መቼ ይሁን?» አለች።

«ስፖርት ሰዓት» አሉ እትዬ አስካለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፎቁ አሥራ አራት ሴቶች ወደ አዳራሹ ወረዱ። ይህ ሰዓት በቀን ውስጥ ቀለበቱ የማይቆጥርበት አንድ ሰዓት ነው፤ የሚሮጥ ሰው ልብ ከሚፈራ ሰው ልብ ጋር እንዳይደባለቅ ተብሎ። ግድግዳው ላይ ቀይ ቱታ የለበሰች ልጅ ወጥታ እጅ ወደ ላይ አለች። እትዬ አስካለ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ከዚያ ደረታቸው ላይ አወረዱት።

«ደህና ነኝ ይለኛል ድምጿ ማታ ማታ፣
እናቴስ አትውልም በቃል ሳትመታ።»

ድምፃቸው ሻካራ ነበር፤ አዳራሹ ግን ቀጥ አለ። ትርሲት መጀመሪያ አፈረች። ሁለተኛውን ግጥም ሲያወርዱ ከሆዷ የማታውቀው ድምፅ ወጣ። «እማዬ!» አለች፤ «እማዬ ሳልነግርሽ! ሳልነግርሽ መጣሁ እማዬ!» ዘለለች፤ ደረቷን መታች። ሴቶቹ ማን እንደሞተ አልጠየቁም። አንዷ ነጠላ ባይኖራት ፎጣዋን አገለደመች፤ ሌላዋ ማልቀስ ጀመረች፣ ሌላዋም። ክብ ሠርተው ዞሩ። እያንዳንዷ የራሷን ይዛ ነበር የምታለቅሰው።

«በጣም ጥሩ!» አለች የግድግዳዋ ልጅ። «እጅ ወደ ደረት! አሥር ጊዜ እንድገመው!»

ትርሲት እናቷን አለቀሰች። ከዚያ፣ መቼ እንደተሻገረች ሳታውቀው፣ ያቺን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ታለቅስ ጀመር። «ይቁም ብያለሁ! ይቁም ብዬ ነበር!» ይህን ቃል አሥራ አራት ዓመት ለማንም ተናግራው አታውቅም። እትዬ አስካለ ሰሙትና ወደ ግጥም አስገቡት፤ አሥራ ሦስት ሴቶች ተቀበሉት። ስትወድቅ የያዟት እጆች ሞቃት ነበሩ።

አሥር ሰዓት ላይ ቀለበቱ እንደገና መቁጠር ጀመረ። ሠላሳ አራት። ትርሲት ገላዋን ታጥባ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፤ ምንም አላሰበችም። ሠላሳ አንድ። የአሥራ አንድ ሰዓቱን ልምምድ ሠራች፤ ብረቱ ሲያቃጭል ሰማችው፣ ከመስማት ያለፈ ነገር አልሆነችም። ሃያ ስምንት። አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ተራዋ መሆኑን ሲነግራት «አልፈልግም» አለች። ከቀበሩት ሰው ጋር ስልክ አይደወልም። አንድ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ሲሆን ግድግዳው እንኳን ደስ አለዎት አላት።

ሲስተር ሙላቷ ቅጹን ይዛ መጣች። ትርሲት ፈረመች። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷን የጠላችው በዚህ ነው። እናቷን ሸጣ የገዛችው እርጋታ መሰላት።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሆነ። ሐኪሟ ሴት ነበረች፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ «አሁን ልነካሽ ነው» ትል ነበር። ቀዝቃዛ ነገር ተሰማት፣ ከዚያ ከእምብርቷ በታች የወር አበባ ዓይነት ቁርጠት። አንድ ጊዜ ወጋ አደረጋትና አለፈ። ትርሲት ጣሪያውን እያየች ፍርሃቷን ጠበቀችው፤ አልመጣም። ሐኪሟ ትንሿን ሥጋ ጠርሙስ ውስጥ ከትታ አሳየቻት። ስድስት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ። በእውነትም ቀላል ነበር፤ ትርሲት ይህ አናደዳት። እንዲህ እየነገሯት፣ ይቁም ብትል እንደሚያቆሙ እያወቀች፣ በሃምሳ ሁለትም ትችለው ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ሲስተር ሙላቷ ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ እስከ በሩ ሸኘቻት። በሩ ተከፈተ። ውጭ የነሐሴ ጭጋግ ነበር።

«እንግዲህ ወጣሁ» አለች ትርሲት። «እናቴ አለች?»

«አለች።» ሲስተር ተነፈሰች። «ምሥራቁ ሕንፃ ናቸው።»

«የቱ ምሥራቅ?»

«የቤተሰብ ማርጊያ። በሦስተኛው ቀን መጡ። እዚህ የምታጸዳ ልጅ ጎረቤታቸው ናት መሰለኝ፣ አየኋት ብላ ነግራቸዋለች። በሩ ላይ ልጄን አምጡ ብለው ጮኹ። ጎብኚ ለመግባት ቀለበት ማድረግ አለበት፤ ሲያደርጉ ሰማንያ አራት ሆኑ። በሰማንያ አራት ለመግባት መፈረም አይቻልም።»

«ለመመለስስ?»

«ለመመለስም።»

ትርሲት ወደ ምሥራቅ ዞረች። በጭጋጉ ውስጥ ግራጫ ሕንፃ ይታያል፤ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። በየምሽቱ ሠመራ ይሞቃል ስትል የነበረው ከዚህ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ የሚለው ድምፅ ከዚያ። ወደዚያ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ሲስተር። ሕክምና የተደረገላት ሴት ክፉ ወሬ ለስንት ቀን አይነገራትም?»

ሲስተር ሙላቷ ጥያቄው የት እንደሚሄድ ገባት። «ለሦስት ቀን።»

«እናቷ ለሞተችባትም ምሥራቁ ሕንፃ ናት ትያት ነበር?»

ልጅቷ ለመዋሸት አፏን ከፈተችና ተወችው። «እላት ነበር» አለች።

«እንግዲያው እናቴን ልያት።»

«ለጎብኚ ቀለበት ያስፈልጋል። አሁን ባለሽበት ሁኔታ…»

«አውቃለሁ። መውጣቴን ንገሩልኝ። ድኛለሁ በሉልኝ።»

«የምሥራችም ልክ ከፍ ያደርጋል፣ ትርሲትዬ። ረጋ ሲሉ ይነገራቸዋል።»

የምሥራቁ ሕንፃ አጥር ላይ ቤተሰብ የሚያየው ሰሌዳ አለ፤ የውስጥ ሰዎች ስምና ልክ ይታይበታል። ጌጤ ወልደሰንበት፣ ሰማንያ አንድ። ትርሲት ከሥሩ ቆማ አየችው። ድምፅ የሚሠራ ቤት ቁጥር መሥራት አያቅተውም። መስኮቶቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ አይከፈቱም፣ ከውስጥ የሚያሳዩትም ሐይቅ ነው። ግን ፎቅ ያለው ሕንፃ ሁሉ በሆነ ቀዳዳ ድምፅ ያሳልፋል፤ ይህን የሚያውቅ ካለ እሷ ናት። ብትጮህ እናቷ የመከራ ጩኸት ነው ብለው ይሞታሉ። ለምሥራች ደግሞ ሴት የምታወጣው ድምፅ አንድ ነው።

አፏን ከፈተች። የመጀመሪያው እልልታ ተሰበረባት፤ ሆዷን ቆረጣት። ሁለተኛው ወጣ። «እልልልልልል!» ሦስተኛው አስፋልቱን ተሻግሮ ተሰማ። ፌስታል ያንጠለጠለች መንገደኛ ቆም አለችና፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ለሰው ደስታ የሚገባውን ያህል ሦስት ጊዜ እልል ብላላት መንገዷን ቀጠለች። ትርሲት አላቆመችም። ዘበኛው ከጎጆው ወጥቶ ሮጠ።

«እህቴ! ምን ነካሽ? የማርጊያ አጥር ሥር እኮ ነሽ!»

ሰሌዳውን ነበር የምታየው። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ አንድ። እልልልል። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና።

ዘበኛውም ዞሮ አየ። «ኧረ በማርያም ተይ! እማማን እኮ ስንት ቀን ጨመርሽባቸው!»

ዘጠና አራት። ዘጠና ስድስት። ይህ ቤት ቁጥር ለማውረድ ሲል የሙታንን ድምፅ ይሠራል፤ ቁጥር ከፍ ለማድረግ ግን ምንም ሠርቶ አያውቅም። በአሥር ቀን ውስጥ ከእናቷ የደረሳት እውነተኛ ነገር ይኸው ሰሌዳው ላይ ቀይ ሆኖ ይብለጨለጫል። ትርሲት አጥሩን ይዛ አለቀሰች፤ ሳቀች፤ ዘበኛው የትኛው እንደሆነ አልገባውም። እናቷ በሕይወት አሉ። በዚህ ቁጥር ደግሞ ከመስቀል በዓል በፊት አይወጡም።